ከግሽ ዓባይ የሚመጣው የእናት ቃል

ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በተርታ ይቀመጣሉ። ከእነሱ አንዱ ዘሩ ነው። አባቱ የወምበርማ ገበሬ ነበሩ። እሱ ሽንዲ ተምሮ፣ ነጥብ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ስላማረ ወደ ከተማ ገባና በዚያው ቀረ። ሥራው የሌላ ሰው አፍ መሆን ነው። ባሏ ያባረራት ሴት መጥታ ስታለቅስ «እኔ አመልካች» ብሎ ይጀምራል፤ ድንበሩን የተገፋ ገበሬ መጥቶ ሲቆጣ «እኔ ከሳሽ» ብሎ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሲሆን ይውልና ማታ ዘሩ ሆኖ ቤቱ ይገባል።

ሚስቱ እጅጉ በዚህ ትቀልድበት ነበር። «ዛሬ ማን ሆነህ መጣህ? ከሳሽ ከሆንክ እራት አለልህ፤ ተከሳሽ ከሆንክ ደጅ እደር» ትለዋለች።

እጅጉ የቡሬ ልጅ ነበረች። በርበሬ ቀንጥሳ፣ ቅመሙን አሰናድታ፣ አስፈጭታ ለመምህራንና ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ትሸጥ ነበር። አፏ ስለት ነው። ደንበኞቿ በርበሬዋን ሲያሙ፣ ከርሱ ይልቅ የምታቃጥለው ባለቤቲቱ ናት ይሉ ነበር፤ እየሳቁ ግን ተመልሰው ይገዛሉ። ባልና ሚስቱ የወለዱት አንዲት ልጅ ነው፤ ያምሮትን። ያምሮት ከትምህርት ቤት መልስ አባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ የሰው ክስ እየሰማች አደገች፤ በኋላም ሕግ ገባች። የገረመው ዘሩን ብቻ ነበር። እናቷ፣ ልጅቱ ከልጅነቷ ስትከራከር ስለኖረች አሁን ለክርክሯ ወረቀት ልታመጣ ነው እንጂ ምን አዲስ ነገር ልትማር ነው ብላ ነበር የሸኘቻት።

ያምሮት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለች፣ መምህሯ ወንድምአገኝ ባገኘላት ዕድል ለጥናትና ለተግባር ልምምድ ወደ ካምፓላ ሄደች። እዚያ ስደተኞች የሕግ ምክር በነፃ የሚያገኙበት ክሊኒክ አለ። የሷ ሥራ ስደተኞቹን አነጋግሮ ታሪካቸውን መመዝገብ ነው፤ በጎን ደግሞ ለመመረቂያዋ፣ ወረቀቱ በመንገድ የጠፋበት ሰው ትዳሩንና ልጁን በምን እንደሚያስረዳ ታጠናለች። ጎረቤታቸው አየለች ክሊኒክ ሲባል ሰምታ፣ ልጅቱ መርፌ መውጋት የተማረችው መቼ ነው ብላ ጠይቃ ነበር። እጅጉም ያምሮት የምትወጋው በምላስ መሆኑን አስረድታታለች።

በታኅሣሥ እጅጉን ሆዷን አመማት። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ዝም አለች፤ ከዚያ ዝም ማለት አቃታት። ሆስፒታል በገባች በማግስቱ ዐረፈች። አስክሬኗ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ደብር ተቀበረ። ዘሩ ከቀብር ሲመለስ በኪሱ ያለው ስልክ ብቻ ያስፈራው ነበር።

በሠልስቱ ዕለት ሰው ሁሉ ሲበተን ሦስት ሰዎች ተቀመጡ፤ ዘሩ፣ የእጅጉ ታላቅ ወንድም አቶ ጌታሁንና የነፍስ አባታቸው ቄስ ደጀኔ። አቶ ጌታሁን ቡሬ ላይ እህል የሚነግዱ፣ ሲናገሩ ሰው የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ነገሩ ለሳቸው ግልጽ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ሲነጋጋ፣ ሽማግሌ ደጅ አንኳኩቶ፣ ሴቶች በግራ በቀኝ ይዘው የሚነገር ነው፤ ልጅቱ ራሷን ስትጥል የሚቀበላት ክንድ ያስፈልጋል። በዚያ በሰው አገር ማን ይይዛታል? ትምህርቷስ? ስትመለስ ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣው መኪና በቡሬ ነው የሚያልፈው፤ እሳቸው ቤት አሳድረው፣ እራት አብልተው፣ ሲነጋ በወጉ ያረዷታል። እስከዚያ ዘመድ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ ጓደኞቿም ፌስቡክ ላይ ሻማ እንዳይለጥፉ ይነገራቸዋል። ቄስ ደጀኔም ትንሽ አሰቡና፣ መልካም ነው፣ ብቻ ልጅቱ ስትደውል የሚመልስላት ማን ነው አሉ።

ሁሉም ዘሩን አዩት። ዘሩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዘሩ ልጁ የማታየው ቢሆንም ጥቁር ኮቱን አወለቀና ስልኩን አነሳ። ያምሮት ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ፣ አብራት ስለምታድረው ልጅ አወራችና እናቷን እንዲያቀርብላት ጠየቀችው። እሱም ግሽ ዓባይ ጠበል ገብታለች አላት። ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው፤ ነገር ግን ሲወጣ ልክ ሆኖ ወጣ። እጅጉ እግሯን ስለሚያማት ግሽ ዓባይ ያለባት ሰከላ ሄጄ እጠመቃለሁ ስትል ከርማ ነበር። ሱባኤ የገባ ሰው ደግሞ ስልክ አይዝም። ያምሮት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቅር እያላት፣ «ሄደህ ስትጠይቃት የምትለኝን ይዘህልኝ ና እንግዲህ» አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ቃል ይዞላት ቀረበ። እናትሽ በጣም ናፍቀሽኛል፣ በርቺ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ብላለች አላት።

ያምሮት «እማ ናት እንዲህ ያለችው? ጠበሉ ቀየራት እንዴ?» አለች፤ ሳቋ ግን ጎደሎ ነበር።

ዘሩ ያን ሳምንት ሙሉ ሲያስብ ከረመ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልጻፈለት ዓይነት ሰው የለም፤ የማያውቃቸውን ሰዎች ቁጣ በቁጣ፣ ልቅሶ በልቅሶ ጽፏል። የሚስቱን አፍ ግን አላወቀበትም። ቆሎውን አቅርቦ ተቀመጠና ያለችውን ሁሉ ማስታወስ ጀመረ፤ እንዴት እንደምትጀምር፣ የቱ ላይ እንደምታቆም፣ ስትወድ እንዴት እንደምትሳደብ። በሦስተኛው እሑድ እንዲህ አላት፤ «እናትሽ ምን አለች መሰለሽ? ይቺ ልጅ ስደተኛ ታነጋግራለች አሉኝ፤ ማን ለማን ያዝናል? እነሱ የሚሰማቸው ሲፈልጉ ቃል የማታስጨርሳቸው አገኙ።»

ያምሮት ሳቀች። በስልኩ ውስጥ እያስተጋባ የሚመጣ፣ የማያቋርጥ ሳቅ ሳቀች፤ አጠገቧ ላለች ልጅም በእንግሊዝኛ ልታስረዳት ሞከረች። ዘሩም ሳቀ። ከታኅሣሥ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጓዳ ሆኖ የሚሰማው ሰው ያለ መስሎት ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ እሑድ ሌላ ቀን ሆነ። ሰኞ ሲጽፍ ይውላል፤ ማክሰኞ እጅጉ ምን ልትል እንደምትችል ማሰብ ይጀምራል። ዐርብ ላይ ይጨርሰዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጁ ሰከላ ሄድኩ እያለ ቤቱን ዘግቶ ይውላል። ጎረቤት እንዳያየው ነው፤ የሚዋሸው ልጁን ቢሆንም የሚደበቀው ከአየለች ነበር። ከተማው በሙሉ እጅጉን ቀብሮ ተመልሷል፤ ሰዎች እግዜር ያጥናህ ማለትም ትተዋል፤ የበርበሬ ደንበኞቿ ሌላ ሴት ይዘዋል። እጅጉ በሕይወት ያለችው በአንዲት ልጅ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው። ዘሩ እዚያ እየሄደ ይጎበኛታል። መንገድ ተዘግቶ ኔትወርክም የጠፋበት አንድ እሑድ ነበር። ያን ቀን ያዘጋጀውን ቃል የሚነግረው አጥቶ እስኪመሽ ስልኩን ይዞ በግቢው ሲዞር ዋለ። ያኔ ለራሱ የተናዘዘው ነገር ነበር፤ ልጅቱ የምትመለስበትን ወር የሚፈራው ለሷ ብሎ ብቻ አይደለም።

በየካቲት መጨረሻ ያምሮት የተለየ ነገር ይዛ ደወለች። ክሊኒኩ ሥራዋን ወዶታል። እስከሚቀጥለው መስከረም እንድትቆይ፣ ጥናቷንም እዚያው እንድትጨርስ ጠይቀዋታል፤ መልሱን በሚቀጥለው ሰኞ ይፈልጋሉ።

«አንተ እሺ እንደምትል አውቃለሁ» አለችው። «የምፈልገው የእማን ነው። ቅሪ ካለች እቀራለሁ፤ ነይ ካለች ሚያዝያ ላይ እመጣለሁ። ቅዳሜ ሄደህ ጠይቅልኝ። ቀልዱን ትታ፣ በእውነት የምትለውን።»

«እጠይቃታለሁ» አላት።

ሰኞና ማክሰኞ ቅሪ የሚለውን በልቡ አዘጋጀ። ቀላል ነበር፤ እጅጉ ልጇ ተምራ እንዲያልፍላት የማትሆነው አልነበረም። ደግሞም ቅሪ ካለች፣ እጅጉ እስከ መስከረም ትቆያለች። ረቡዕ ነይ የሚለውን አዘጋጀ። እሱም ቀላል ነበር፤ እጅጉ ልጇን ስትሸኝ ባሕር ዳር መናኸሪያ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን አዙራ ነበር። ሁለቱም የሷ ድምፅ ነበራቸው። ዘሩ ሁለቱንም ሲሰማቸው አንዱ ከሌላው አይለይም። ነገር ማሳመር ያውቃል፤ ማሳመሩ ግን የትኛው የሷ እንደሆነ አይነግረውም።

ሐሙስ ከሽንዲ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጥተው ጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ። ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ውክልና አወጡ። መተከል የሚኖር ወንድማቸው መሬቱን እንዲያስተዳድሩለት የሰጣቸው ነው። አሁን ጎረቤት ድንበር ስለገፋ በወንድማቸው ስም ክስ እንዲጻፍላቸው ፈልገዋል። ዘሩ ወንድምዎ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው በጥር ማረፉን ነገሩት።

ዘሩ ለብዙ ሰው የነገረውን ነገራቸው። የወከለው ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል፤ ከእንግዲህ የሚከሱት ወራሾቹ ናቸው።

«እሱ የሚፈልገውን እኔ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ በአንድ በሬ አርሰን። ከኔ በላይ የሱን ልብ ማን ያውቃል? ሞተ ብዬ ፈቃዱን ልርሳው?»

«ማወቅዎን አልጠራጠርም፣ አባቴ። ግን ከእንግዲህ በሳቸው ስም መናገር አይችሉም።»

«ታዲያ በማን ስም ልናገር?»

«በራስዎ» አለ ዘሩ።

ሽማግሌው ላስቲካቸውን ጠቅልለው፣ ሕግ አንጀት የለውም እያሉ ሄዱ። ዘሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ከጎኑ የሚጽፈው ባልደረባው፣ ዛሬ ደንበኛ ማባረር ጀመርክ እንዴ ብሎ ቀለደበት። ዘሩ አልሰማውም። ወረቀቱን ሰብስቦ ጠረጴዛውን ቆለፈና ወደ መናኸሪያ ሄደ።

ቡሬ ሲደርስ በባጃጅ የሄደው ወደ አቶ ጌታሁን መጋዘን ሳይሆን ያምሮት ወደምትማርበት ካምፓስ ነበር። መምህር ወንድምአገኝን ከክፍል እስኪወጣ ጠበቀው። የጠየቀው ነገር አንድ ነው፤ ካምፓላ ውስጥ መርዶ መንገር የሚያውቁ የአገር ሰዎች ይኖሩ እንደሆነ። መምህሩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ስልኩን አውጥቶ እዚያ ያለውን የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሰው ፈለገ፤ በሰው በሰው ሲያያዝ አደይ የሚባሉ ሴትዮ ተገኙ። ሴትዮዋ ገና ሳይነገራቸው፣ እናት ነው አባት ብለው ጠየቁ። እናት መሆኑን ሲሰሙም፣ ልጅቱ የምታድርበትን ሰፈር ብቻ ንገሩኝ አሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

አቶ ጌታሁን ይህን በሰሙ ጊዜ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ተቆጡ።

«የኔን እህት መርዶ፣ ስሟን በማያውቅ ሰው አፍ? በሰው አገር? አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ሁለት ወር መታገሥ አቅቶህ?»

«ጋሼ፣ እኔ መታገሥ አላቃተኝም» አለ ዘሩ። «ለመድኩት። እንዲያውም እስከ መስከረም ላራዝመው ነበር። እናንተ እጅጉን ቀበራችሁ፤ እኔ በአፌ አኖራታለሁ። አሁን ልጅቱ ልትወስነው ላለችው ነገር የናቷን ፈቃድ ትጠይቀኛለች። የሌላትን ፈቃድ ከየት አምጥቼ ልስጣት?»

አቶ ጌታሁን ከጆንያዎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። መቼ ነው ብለው ጠየቁ። እሑድ ሲነጋ ነው አላቸው። እኔም ያን ሰዓት እነሳለሁ አሉት።

የካምፓላና የፍኖተ ሰላም ሰዓት አንድ ነው። እሑድ ወፍ ሲንጫጫ ዘሩ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን በዚያ የማያውቀው ደጅ ላይ የማያውቃቸው ሴቶች ቆመዋል። አሁን አንኳኩተዋል። ያምሮት በእንቅልፍ ዓይኗ ከፍታ በዚያ አገር፣ በዚያ ሰዓት፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችን ስታይ ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ልጁን የሚይዛት ሰው አለ፤ እሱ አጠገብ ግን ማንም የለም። በዚያን ሰዓት ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይዞት የከረመውን ልቅሶ ለቀቀው። ድምፁን ሰምታ የመጣችው አየለች ናት። ምን ሆንክ ብላ አልጠየቀችም፤ ደጃፉ ላይ አብራው ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ አደይ ነበሩ። «እግዜር ያጥናዎ። ነግረናታል። ይዘናታል፤ አንለያትም» አሉት። ከኋላቸው የሚሰማውን የልጁን ልቅሶ ዘሩ ለየው፤ ስልኩን ከጆሮው አላራቀም።

ያምሮት ራሷ የደወለችው ከቀትር በኋላ ነው። ድምፅዋ ሻክሮ ነበር።

«መቼ ነው?»

«በታኅሣሥ። ገብርኤል ሳይደርስ።»

«ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት» ስትል ሰማት። ወራቱን ወደ ኋላ እየተመለሰችባቸው እንደሆነ ገባው።

«ከዚያ ወዲህ ያልከኝ ሁሉ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የሚሰማቸው ሲፈልጉ ያልከኝም?»

«እሱም።»

ዘሩ እንድትቆጣ ጠበቀ። ብትቆጣ ይቀለው ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ከበስተኋላዋ ሴቶቹ በዝግታ ሲያወሩ ይሰማል።

«ያን ቀን ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እናቴ እንዲህ ናት ብዬ» አለች። «ስለ መቅረት ስለ መምጣት ያልኩህን ተወው። ራሴ አስቤ ራሴ እነግርሃለሁ። አንተም ቅሪ አትበለኝ፣ ነይ አትበለኝ።»

«እሺ።»

«አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። እዚህ ሰው ስናነጋግር የምንለው አለ። ከመጀመሪያው ጀምር፤ በዓይንህ ያየኸውን፣ በጆሮህ የሰማኸውን ብቻ። የማታውቀውን አላውቅም በል። እንዳታሳምርልኝ።»

ዘሩ ጀመረ። በዚያ ጧት በርበሬ ስትቀነጥስ ቆይታ መነሣት እንዳቃታት፣ ባጃጅ እንደጠራ፣ በመንገድ ላይ ሾፌሩን ቀስ በል እያለች እንደጨቀጨቀችው ነገራት። አልጋ ላይ እንደተኛች፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ እንዳደረ፣ በማግስቱ ትንሽ ሻል ያላት መስሎት እንደነበር ነገራት። ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ለለቅሶ የመጣው ሁሉ የሚጠይቀው ስንት ዓመቷ ነበር ብሎ ነው።

«በመጨረሻ ምን አለች?» አለች ያምሮት።

ብዙ ቃል መጣለት። ሁሉም የእጅጉን ይመስላል።

«አላውቅም» አለ። «አልነበርኩም። በረደኝ፣ ጋቢ አምጣልኝ አለችኝ። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ጋቢውን ላመጣ ቤት ሄጄ ነበር።»

«በረደኝ አለች» አለች ያምሮት ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደምትመዝን ሁሉ።

«አዎ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

ዘሩም ጋቢውን በክንዱ ይዞ በሆስፒታሉ በር ሲገባ መጀመሪያ ያየውን ሰው፣ ያ ሰው እንዴት ዓይኑን ሰብሮ መንገድ እንደለቀቀለት ይነግራት ጀመር።